ጣቱን የማያውቀው ስልክ

ነገሩ ገና ምሳ ሳይደርስ ያለቀ መስሎ ነበር። የሩዝ መፈልፈያው መካኒክ ማሩ ከግቢው በስተጀርባ ባለው ማሳ ውሃ ውስጥ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። አሠሪው የሰጡት ስማርት ስልክ ከማሳው ድንበር ላይ ወድቋል። ስልኩ ላይም በዋዜማው አመሻሽ ለአሠሪው የተላከ መልእክት አለ፦ «ጋሼ፣ ባየህ እየተከተለኝ ነው። ሊገድለኝ ዝቷል።» ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? የመፈልፈያው ሾፌር ባየህ ታሰረ፤ ማሩም በማግስቱ ተቀበረ። ወረታ ላይ ባየህን ነፍሰ ገዳይ ያላለ ሰው አልነበረም።

ዋና ሳጅን አልጣሽ ከደብረ ታቦር የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። ባየህ በማግስቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ዕድሜውን ወህኒ ሊጨርስ ነው። አልጣሽ ጥቂት ጠይቃ መልሱን እስኪያልቅ የምትሰማ ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ያስፈራል።

የመፈልፈያው ባለቤት አቶ አያልነህ በቢሯቸው ተቀበሏት።

«ለሦስቱም ሠራተኞቼ ስልክ የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ» አሏት። «ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ። ተራ ባለቁልፍ ስልክ ይበቃናል ቢሉኝ እንቢ አልኩ። የኔ ሠራተኛ ደህና ስልክ ነው የሚይዘው። የዕለቱንም ሥራ ማታ ማታ ጽፈው ይልኩልኛል።»

«ስልኮቹ ይቆለፋሉ?»

«ከልክያለሁ። የሥራ ስልክ ምን ምስጢር አለው?»

«ማሩ ወደደው?»

«ለምን አይወደው? የቀጥቃጭ ልጅ እንዲህ ያለ ስልክ የት አይቶ ያውቃል?»

አልጣሽ ተነሥታ ወጣች። ደጅ ላይ የማሩ አባት አለኸኝ የልጃቸውን ልብስ ሊወስዱ መጥተው ቆመዋል። አቶ አያልነህ ሲወጡ ከሩቅ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገውላቸው አለፉ። አልጣሽ ግን ሄዳ ጨበጠቻቸው፤ የሽማግሌው ጣቶች እንደ በሬ ሰኮና ጠጥረዋል። እጃቸውን ቶሎ አልለቀቀችም።

«ማሩም ቀጥቅጧል፣ አባባ?»

«ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ከወናፉ ሥር ነበር፣ ልጄ። የሱ እጅ ከኔ ይብሳል። ፍም በጣቱ ነበር የሚያነሣ።»

ከዚያ ባየህን አስጠራችው። እስካሁን «ማስረጃ አለብህ» ይሉታል እንጂ ማስረጃውን ያሳየው አልነበረም። ስልኩን ሰጠችው። መልእክቱን አነበበና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄን ማሩ ጻፈው ነው የሚሉት?»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ከዚህ በላይ ያሉትን ይዩዋቸው፣ ሳጅን። የሁልጊዜው የሥራ መልእክት ነው። ከነዚያ ውስጥ ማሩ የጻፈው አንድም የለም። እኔ ነኝ የምጽፍለት።»

«ይህን የሚያውቅልህ አለ?»

«አበጣሪዋ እየሩስ ታውቃለች። ለጋሼ ግን አልነገርናቸውም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መፈልፈያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባየህ በካቴና ቆሟል። አቶ አያልነህ ወንበር ይዘዋል። ሩዝ አበጣሪዋ እየሩስ ከወር በፊት መዘውሩን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንግያ የጨፈለቀውን ቀኝ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«አባባ፣ እስቲ ይህን ይንኩልኝ» ብላ አልጣሽ ስልኩን ለአለኸኝ ሰጠች።

ሽማግሌው ነኩት፤ ጫን አደረጉት፤ በሌላው ጣታቸውም ሞከሩ። ስልኩ ወይ ፍንክች።

«ማሩም እንዲሁ ነበር» አለች እየሩስ። «ቆዳው ስለደነደነ ስልኩ ጣቱን አያውቀውም። በራሱ አሮጌ ባለቁልፍ ነበር የሚደውል። ይሄኛውን እዚህ ግድግዳው ላይ ቻርጅ ሰክቶ ይተወዋል። የመረጥኩላችሁን ናቃችሁ ብለው እንዳይቆጡን ነው ለጋሼ የደበቅናቸው።»

«ባለቁልፉ ከኪሱ ተገኝቷል» አለች አልጣሽ። «የሚገድለው ሰው እየተከተለው ከሆነ በሚሠራለት ስልክ ይደውላል እንጂ በማይሠራለት አይጽፍም። ባየህ ጻፈው ብንል ራሱን ከሰሰ ማለት ነው። እየሩስም ማሩ እንደማይጽፍ ታውቃለች። በዚያ ላይ ሞቱ የሚጎዳው እሷን ነው፤ ሰኞ በካሳ ክሷ ፍርድ ቤት ቀርቦ የቺንግያውን መከለያ ያስነሣው ማን እንደሆነ ሊመሰክርላት ነበር። እንግዲህ ስልኩን ከግድግዳው ያነሣው ማሩ ይጽፍበታል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ያ ሰው እዚህ አንድ ብቻ ነው።»

አቶ አያልነህ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ይህ ግምት ነው» አሉ።

«ደም የነካው መፍቻ ከመኪናዎ ወንበር ሥር ሲገኝስ? ፖሊሶቼ አሁን ነው ይዘውት የመጡ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አምስት ዓመት ሠርቶልዎታል። የቀጥቃጭ ልጅ ነው ሳይሉ አንድ ቀን ጨብጠውት ቢሆን ይህን አይሳሳቱም ነበር።»

ካቴናው ከባየህ እጅ ወልቆ አቶ አያልነህ እጅ ላይ ገባ።

አለኸኝ ወደ ባየህ ቀረቡ።

«ቀብሩ ላይ ረገምኩህ፣ ልጄ። ሕዝብ እየሰማ፣ ዘር አይውጣልህ ብዬ።»

«ሰምቻለሁ፣ አባባ። ሚስቴም እዚያው ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንቅ አላመጣችልኝም። ልብሷን ይዛ አባቷ ቤት ገብታለች አሉ።»

«ና እንሂድ። እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ አልገደለም እላታለሁ።»

ባየህ ካቴናው የላጠውን አንጓውን አሻሸ።

«እኔ ነግሬያት ነበር» አለ።