እንዳትለምኚኝ

ሮዳስ ዓቢይን ያወቀችው ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ነው።

በሮተርዳም የዴልፍስሃቨን ሰፈር ማኅበር ለጀማሪዎች የገደል መውጣት ጉዞ አዘጋጅቶ ነበር። ሆላንድ ገደል የላትም፤ ከፍታ ያማረው ሆላንዳዊ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ድንበር ተሻግሮ፣ ቤልጅየም ውስጥ በማስ ወንዝ ዳር ወደቆመው አሮጌ ቋጥኝ ይሄዳል። ድንጋዩ በእጅና በእግር ብዛት ለስልሷል።

አንዱ ሲወጣ ሌላው ከታች ገመዱን እንዲይዝለት አሠልጣኟ ሰዉን በክብደት እያመጣጠነች ጥንድ ጥንድ ስታደርግ፣ ለሮዳስ አንድ ቀጭን ዝምተኛ ሰው ደረሳት። ከዴን ሃግ ከተማ፣ ከስኪልደርስዋይክ ሰፈር የመጣ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። አማርኛ እንደሚናገር ያወቀችው ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍ ብላ፣ ቁልቁል አይታ «እመቤቴ ድረሽልኝ» ስትል ነው።

«እሷ እስክትደርስ እኔ ይዤሻለሁ» አላት ከታች።

ሳቋ አመለጣት። ስትወርድም ዓይኖቹ ገና ከእሷ ላይ አልተነሡም ነበር።

ሮዳስ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ፣ በደች ቋንቋ ቴይስዞርግ የሚባለው የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛ ናት። ባሏን ከፈታች አራት ዓመት ሆኗታል፤ የሰባት ዓመት ልጇ ኤሊ አንድ ሳምንት ከእሷ፣ አንድ ሳምንት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ዓቢይ ከሥራ ሲወጣ በባቡር እየመጣ ይጠይቃት ጀመር። እያደር ኤሊም ለመደችው፤ በደች ታወራዋለች፣ እሱ በአማርኛ ይመልስላታል።

በፍቅር ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ ደብረ ብርሃን ያሉትን የዓቢይን አባት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰለለ፤ አንደበታቸው ተያዘ። እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሐኪሞቹ መንገድ አይችሉም ስላሉ ማምጣቱ አልሆነም። ዓቢይ የመሄጃ ብቻ ትኬት ቆረጠ። ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ወደዚያ ገደል እንሂድ አላት።

የዚያን ቀን ሮዳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፍ ደረሰች። ገመዷን ፈትታ ስትቀመጥ፣ እሱም በጀርባ በኩል ባለው የእግር መንገድ ዞሮ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ከታች ማስ ወደ ሮተርዳም፣ ወደ እሷ ሰፈር ይፈሳል።

«ነይ ያላልኩሽ ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም» አላት።

«አውቃለሁ። ኤሊን ይዣት እንድሄድ አባቷ አይፈቅድም፤ ጥያት ደግሞ አልሄድም።» ከዚያ ወንዙን እያየች፣ «ብለምንህ ግን ትቀራለህ?» አለችው።

ዓቢይ አንገቱን ደፋ።

«እቀራለሁ» አላት። «ሮዲ፣ እንዳትለምኚኝ።»

የልመናው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ግን ልጆቻቸውን እየጠበቁ መስኮት ሥር የሚውሉት የምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። አባቱ ብቻቸውን ቢሞቱ ደግሞ፣ ዓቢይ አጠገቧ ቁጭ ብሎም እንደሚርቃት ገባት። እጁን ያዘች እንጂ አልለመነችውም። ፀሐይዋ ከቋጥኙ ላይ እስክትሸሽ እንደዚያው ቆዩ።

አውሮፕላን ጣቢያ ሄዳ አልሸኘችውም፤ ኤሊ ከእሷ ጋር የምትሆንበት ሳምንት ነበር። ልጅቷ የት ሄደ ስትላት አባቱን ሊያስታምም እንደሄደ ነገረቻት። መቼ ይመለሳል ስትላት ግን ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረችላት።

መጀመሪያ በየቀኑ ይደዋወሉ ነበር፤ ከዚያ በየሳምንቱ፣ በኋላ በበዓል በበዓል ሆነ።

ከሄደ በሁለተኛው ዓመት አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትራም ላይ ሳለች ዓቢይ የድምፅ መልእክት ላከላት። «ሮዲ፣ አባዬ ስሜን ጠራኝ» ይላል። ከኋላው አንድ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ እየተንተባተበ «ዓ… ቢይ» ሲል ይሰማል። ሦስት ጊዜ መልሳ ሰማችው። «እንኳን ደስ አለህ» ብላ ጻፈችለት፤ ከልቧ ነበር።

የምትንከባከባቸው አሮጊት በሩን ሲከፍቱላት ዓይኗ ቀልቶ አዩ። ምን ሆነሽ ነው አሏት።

«ደስ የሚል ዜና ሰምቼ ነው» አለቻቸው በደች፤ ካፖርቷንም ሰቅላ ቁርሳቸውን ልታዘጋጅ ገባች።