ሳላይ የፈረምኩበት ጠዋት

የምሥራችን የተዋወቅኋት እጅ ከፍንጅ ይዛኝ ነው። ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ ሳምቡሳ ይዤ፣ በሌላው የበረራ ፍተሻ ቅጹ ላይ «ታይቷል... ታይቷል... ታይቷል» እያልኩ ምልክት ሳደርግ፣ ቱታ የለበሰች ልጅ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«ካፒቴን ሽመክት፣ ከዚህ ሆነህ ጎማው ይታይሃል?»

ሳምቡሳው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«አዲሷ ቴክኒሻን ነኝ። የምሥራች እባላለሁ። ተነስ አቦ፣ አብረን እንየው!»

ተነሳሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ?

የማበራት አውሮፕላን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ ናት። በየጠዋቱ የአወዳይ ጫት ጭና ወደ ጎዴ ትሄዳለች። ጫት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ከረፈደ ይጠወልጋል፣ ከጠወለገ ማንም አያየውም። ስለዚህ ሁሉም ይቸኩላል። አለቃችን አቶ ነጋ ይቸኩላል፣ የጫቱ ባለቤት ኻሊፍ ይቸኩላል፣ እኔም እቸኩላለሁ። የማትቸኩለው እሷ ብቻ ነበረች።

አባቷ ጋሽ ሀብተ ማርያም የድሮው ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሥራቸው ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን የብረት መንኮራኩር በመዶሻ መታ እያደረጉ ድምፁን ማዳመጥ ነበር፤ የተሰነጠቀ መንኮራኩር ድምፁ ሌላ ነው።

«አባዬ ‹ዓይን ይሸወዳል፣ በእጅህ ንካው› ይላል» አለችኝና እጄን ይዛ ክንፉ ላይ አኖረችው። ክንፉን ጨርሰን ጭራው ጋ ስንደርስም እጄን አልለቀቀችውም። እኔም አላስታወስኳትም!

በዓመቱ እሷን ለማግባት ሽማግሌ የምልክበት እሁድ ተቆረጠ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ዝናብ ካደረ ውሃ ወደ ነዳጁ ሊገባ ስለሚችል፣ ከታንኩ ሥር ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ ማየት ግድ ነው። ውሃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ቅጹን እንደልማዴ ሻይ ቤት ፈርሜ መጥቼ ነበር።

ኻሊፍ ሰዓቱን እያየ ይጮሃል። «ወላሂ ጫቴ ሞተ! ምንድነው የምትጠብቁት?»

የምሥራች ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። በሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ ብላ በሹክሹክታ ነበር የተናገረችው።

«ሽሜ፣ ነዳጁን አልቀዳህም። አሥር ደቂቃ ብቻ... በናትህ።»

ሰው ሁሉ እያየን ነበር። ኻሊፍ ሳቀ። «አለቃው ማነው? እሷ ናት እንዴ?»

እኔም ጮህኩባት።

«ካፒቴኑ እኔ ነኝ! አንቺ ብሎንሽን አጥብቂ!»

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። አይቼም ሞተሩን አስነሳሁ።

ከመሬት እንደተነሳሁ ሞተሩ አንዴ ተንተፋተፈ... ሁለቴ... ከዚያ ዝም አለ። የቀረችኝ አስፋልት ትንሽ ነበረች። አውሮፕላኗን መልሼ መሬት ላይ ጣልኳት። ከመንደርደሪያው አልፋ ክንፏ ድንጋይ ላይ ተሰበረ፤ ነዳጁ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ከኋላዬ ከጫት በቀር ሰው ስላልነበረ እግዜር ይመስገን።

በሩጫ ቀድማ የደረሰችው እሷ ነበረች። ቀበቶዬን እየፈታች ታለቅሳለች።

«ደህና ነህ? ሽሜ፣ ንገረኝ! ደህና ነህ?»

ያን ዕለት ከሰዓት ምርመራ ተቀመጥን። አቶ ነጋ ቅጹን አነሳ።

«ነዳጁ ንጹሕ መሆኑን ካፒቴኑ አይቶ ፈርሟል። ስለዚህ ጥፋቱ የሞተሩ ነው። ትናንት ሞተሩን ፈትተሽ የገጠምሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ የምሥራች።»

እሷ ወደ እኔ አየች። ሹክሹክታዋን ከእኔ በቀር የሰማ የለም። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከሥራ አገዷት።

ማታ ደወለች።

«ሽሜ፣ እውነቱን አትናገርም?»

«የበረራ ፈቃዴን ይቀሙኛል። ትንሽ ታገሺኝ...»

ስልኩን ዘጋችው።

እሁድን ልሰርዝ ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ፈራሁ። እንደፈራሁም ሽማግሌዎቹ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄዱ። አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ወግ አይደለም። እኔ ግን ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ከበራቸው ቆምኩ። በሙቀቱ ምክንያት ሁሉም ግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። የአጎቴ የአቶ ይሳቅ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

«ልጃችን ጠንቃቃ ነው፣ ጋሽ ሀብተ ማርያም። ሳያይ አይረግጥም።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከባጃጁ ወረድኩና ዘው ብዬ ገባሁ። አጎቴ ደንግጦ ተነሳ።

«አንተ! ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ውሸት ነው፣ አጎቴ። ነዳጁን አላየሁም። ሳላይ ፈርሜ ነው የበረርኩት። የምሥራች አስጠንቅቃኝ ነበር፤ በሰው ፊት ሰደብኳት። በእኔ ጥፋት ከሥራ ስትታገድም ዝም አልኩ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። የምሥራች የቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«ለእኔ አልነገረችኝም» አሉ አባቷ። «አንተን ደብቃ ጥፋቱን ተሸክማ ተቀመጠች። ይህን የምትናገረው እዚህ አይደለም፤ የፈረምክበት ቦታ ሂድ። ሽማግሌዎች፣ ለዛሬ መልስ የለኝም።»

ሰኞ ሄጄ ተናገርኩ። እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ ስምንት ወር ከበረራ ታገድኩ። ስምንቱን ወር እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ የጫት ኬሻ ስመዝን ከረምኩ። ኻሊፍ «ካፒቴን ሚዛን» ይለኛል። ይገባኛል። የምሥራች ግን በአጠገቤ ስታልፍ ሰላም እንኳ አትለኝም ነበር፤ የሚያመኝ እሱ ነበር።

እገዳዬ ባበቃበት ጠዋት ሻይ ቤቱን ሳላይ አልፌ ወደ ተጠገነችው አውሮፕላን ሄድኩ። ጎማውን በእጄ ነካሁ፣ ክንፉን ነካሁ። ከታንኩ ሥር በብርጭቆ ቀዳሁ። ኻሊፍ ከሩቅ ይጮሃል፤ ይጩህ! ቀና ስል የምሥራች ቆማለች።

«ምን ታያለህ?»

«ንጹሕ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንስቼ እንደገና አየሁት። ከዚያ ለእሷ ሰጠኋት።

«አንቺም እይልኝ፣ የምሥራች... ይቅርታ። በሰው ፊት ሰድቤሻለሁና በሰው ፊት ይቅርታ!» ኻሊፍ እንኳ ሰዓቱን ማየት ተወ።

ብርጭቆውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባዬ ትናንት ጠየቀኝ» አለች።

«ምን ብለው?»

«‹ያ ልጅ ሽማግሌዎቹን መልሶ አይልክም ወይ?› ብሎ።»

እጄን ይዛ ክንፉ ላይ አኖረችው፣ እንደዚያን ጊዜው።

«ላካቸው» አለችኝ። «በዚህኛው ጊዜ ግን አንተ ቤትህ ተቀመጥ!»