ማን ሸኘሽ?

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። አንተ ያቺን በርጩማ ሳብና ተቀመጥባት፤ አንቺም ልጅሽን እቀፊና አረፍ በይ። ዛሬ የማወራችሁ ገና ስላልመጣ ዘመን ነው። ያልመጣውን እንዴት አወቅኸው አትበሉኝ፤ ዘመኑ ቢለወጥም የሰው ልብ ያው ነው።

ሰመራ ላይ ከምድር እስከ ሰማይ የተወጠረ ገመድ አለ። ከዋርካ ግንድ ይወፍራል። በየቀኑ ረፋድ ላይ አንድ ፉርጎ ገመዱን ይዞ ይወጣና ሰዎችን ከደመና በላይ ወዳለችው ከተማ፣ ወደ ቀለበት ያደርሳል። የአገሩ ሰው ለምዶታል። ፍየሎቹ እንኳ ጥላው ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ እንጂ ቀና ብለው አያዩትም።

ንጋቷ የፉርጎው በር ላይ ነው የምትሠራው። ከእማኝ ጎን ተቀምጣ ማኅተም ትመታለች። እማኝ የመስታወት በር ነው፤ ሰው ሲያልፍበት «በፈቃድዎ ነው የሚሄዱት?» ብሎ ይጠይቅና የልቡን ምት ያዳምጣል። ልብ ከተረጋጋ አረንጓዴ፣ ከደነገጠ ቀይ ያበራል። «የተገደደ ሰው ይፈራል» ብለው ነው ሠሪዎቹ ያስተማሩት። በደላላ ተታልሎ ቀለበት የገባ ሰው ወረቀቱን ይነጠቃል፣ በር ይቆለፍበታል፣ እንደ ባሪያ ይሠራል። እማኝ የተተከለው ይህን ለመከላከል ነበር።

ያን ቀን መጀመሪያ የቀረቡት እማማ ስንዱ ነበሩ። ቀለበት ላይ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ነው የሚሄዱት። የገንፎ እህላቸውን አዝለዋል፤ ከኋላቸው ዘመድ አዝማዱ ተሰልፎ ያለቅሳል። ገና እግራቸውን ሲያስገቡ እማኝ ቀይ አበራ።

«ኧረ በፈቃዴ ነው!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል፣ እማማ?»

«ጉድ እኮ ነው! አገሬን ትቼ ስሄድ ልሳቅልሽ?»

ንጋቷ ፈገግ ብላ ለተጨማሪ ጥያቄ ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሕጉ ነው። የሚያለቅሱት ሁልጊዜ ይዘገያሉ።

ቀጥሎ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ዘጠኝ ወጣት ሴቶች አስከትሎ መጣ። ሸጋው ይባላል።

«እህቶቼ ናቸው» አላት።

«ዘጠኝ እህት! እናትህ አንድ ቀን አላረፉም ማለት ነው።»

ሳቀ፤ ሴቶቹ ግን አልሳቁም። አንድ በአንድ አለፉ፤ ለሁሉም አረንጓዴ በራ። ንጋቷ ማኅተሙን ልትመታ ስትል ዓይኗ መስታወቱ ላይ የሚታየው የልብ ምት ቁጥር ላይ አረፈ። በደቂቃ ስልሳ ሁለት። የቀጣይዋም ስልሳ ሁለት። ዘጠኙም ስልሳ ሁለት!

ማሽኑ የተበላሸ መሰላትና አለቃዋን አቶ ደምመላሽን ጠራች። እሳቸው መጥተው በሩ ውስጥ ቆሙ።

«ዕድሜዬ አርባ አምስት ነው» አሉ፤ ቀይ በራ።

«ደህና ይሠራል» አለች ንጋቷ ሳቋን ውጣ።

አቶ ደምመላሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ካልተበላሸ አሳልፊያቸው።»

ንጋቷ ግን ጥግ ላይ ወደተቀመጡት እማማ ስንዱ ዞር አለች። አሁንም ያለቅሳሉ፤ ዘመዶቻቸውም ከአጥሩ ማዶ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ከዚያ ዘጠኙን አየች። ከአጥሩ ማዶ አንድም የሚያያቸው ሰው የለም። እጇን ዘረጋችና የማቆሚያውን እጀታ ሳበች። ሊነሣ ያጓራ የነበረው ፉርጎ ቀጥ አለ።

«ምን ሆነሻል፣ ንጋቷ? ቀይ ሳይበራ አቁመሽ በሩብ ሰዓት ውስጥ ምክንያት ካላቀረብሽ ከሥራ ትባረሪያለሽ!» አሉ አቶ ደምመላሽ።

«ሩብ ሰዓት ይበቃኛል።»

ከፊት ያለችውን ልጅ መልሳ እማኝ ውስጥ አቆመቻትና ጠጋ አለች። ዘሃራ ትባላለች፤ ከሐርቡ ነው የመጣችው።

«ዘሃራ፣ የኔ እህት፣ ማን ሸኘሽ?»

ልጅቱ ወደ ሸጋው ዞር ብላ አየች።

«ሰዓት እየሄደ ነው!» አለ ሸጋው።

«እናትሽስ?» አለች ንጋቷ።

«ገበያ በወጣች ሰዓት ነው የወጣሁት፣ እትዬ። ሸጋው ለማንም እንዳትነግሪ፣ ዕድልሽን ሰው ያበላሽብሻል አለኝ።» ከዓይኗ እንባ ዱብ አለ። ምቷ ግን ያው ስልሳ ሁለት ነው። ንጋቷ ዓይን እያነባ የማይፈጥን ልብ አይታ አታውቅም።

«ከጆሮሽ ኋላ የተለጠፈው ምንድነው?»

ምስር የምታህል ነገር ናት። ዘሃራ በጣቷ ዳሰሰቻት። «የማቅለሽለሽ መድኃኒት ነው ብሎ ነው የለጠፈልን። እሷ ከተለጠፈች ወዲህ ግን፣ ወላሂ፣ ልቤ የኔ አይመስለኝም።»

«እኔ ልነካሽ አልችልም፤ ቀይ ካልበራ ሕግ ይከለክለኛል። አንቺ ግን ልብሽ ያንቺ ነው።»

ሸጋው «ዘሃራ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ምስሯን ቦጭቃ ጣለቻት። ልቧ እንደተፈታ ፈረስ ዘለለ። ቀይ በራ! ማንም ሳያዛቸው የቀሩት ስምንቱም እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱና ተራ በተራ እማኝ ውስጥ ገቡ። አዳራሹ በሙሉ ቀይ ሆነ።

ጥበቃዎች ሸጋውን ሲይዙት ንጋቷ «እስቲ እሱም ይለፍ» አለች። በእማኝ ውስጥ አቆሙት።

«እህቶቼ ናቸው፤ በፈቃዳችን ነው የምንሄደው» አለ።

አረንጓዴ።

ከጆሮው ኋላ ፈለጉ፣ ክንዱን ፈተሹ። ምንም አልተገኘም። የእሱ ልብ ያለ መድኃኒት ነው የተረጋጋው። አቶ ደምመላሽ ወደ መስታወቱ እየጠቆሙ «እኛ እኮ ማሽኑን እንደዚህ ያለውን ሰው እንዲያምን ነው ያስተማርነው» አሉ። ሸጋውን ለፖሊስ ያስረከቡት በዘጠኙ ሴቶች ቃል ነው።

እማማ ስንዱን ንጋቷ ራሷ ደግፋ ፉርጎው ውስጥ አስገባቻቸው። ዘሃራም እናቷ ጋ ደወለች፤ ምን እንደተባባሉ አልነግራችሁም፣ የእነሱ ነው።

ንጋቷ ግን ዕረፍት አላገኘችም። ያለፈውን መዝገብ ከፈተች። ስልሳ ሁለት የመታ የአርባ አንድ ሰው ልብ አገኘች፤ ሁሉም ላይ የራሷ ማኅተም አለ። አልደበቀችውም። ስማቸውን ጽፋ ወደ ቀለበት ላከች፣ ጮኸች፣ ደጅ ጠናች። አሥራ ሰባቱ ወርደዋል። የቀሩትን ዛሬም ትፈልጋለች።

እማኝም አሁን ጥያቄው ተለውጧል። «ማን ሸኘዎት?» ይላል። መልስ ያጣውን ሰው፣ ልቡ ቢረጋጋም፣ ንጋቷ አጠገቧ አስቀምጣ ታነጋግረዋለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ለመንገድ የተሰናዳ ሰው ስታገኙ፣ በተለይ ብቻውን ከሆነና ዓይኑ ከደረቀ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት። «ማን ሸኘህ?» በሉት። «ማንም አልሸኘኝም» ካላችሁ፣ እናንተ አብራችሁት ቁሙ። ይቺን ብቻ አትርሱብኝ።