ሁለት ጊዜ «ጋሼ»

ስህተቱን የሠራው እጇ ነው።

ጣውላዋን ተሻግራ ጀልባዋ ላይ ልትወጣ ስትል ባለጀልባው እጁን ዘረጋላት። የሚጠበቅባት ይዛው መውጣት ብቻ ነበር። ማሪቪክ ግን ጎንበስ ብላ የእጁን ጀርባ ግንባሯ ላይ አስነካችው፤ ልክ በየዓርቡ ከከተማ ትምህርት ቤቷ ተመልሳ ቤት ስትገባ እንደምታደርገው።

ከኋላዋ ሳቅ ፈነዳ። «አንቺ! ለባለጀልባ ሁሉ እጅ ትነሺያለሽ እንዴ?» አለች ጓደኛዋ ትሪሻ።

ማሪቪክ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች። ቀና ሳትል ጨመረች፦ «ይቅርታ፣ ጋሼ።»

ሰውየው አባቷ ነበር።

ዐይኑ ለአፍታ ፊቷ ላይ ቆየ። ከዚያ እጅ ለነሳ ልጅ ሁሉ የሚባለውን «ፈጣሪ ይባርክሽ» አላትና ወደ ትሪሻ ዞረ። «ቀስ እያልሽ፣ ሚስ። ጣውላው ያዳልጣል።»

አባቷ ትልቅ የጭነት መርከብ ላይ እንደሚሠራ ለክፍል ጓደኞቿ የነገረቻቸው ትምህርት ሲጀመር ነው። ድሮ እውነት ነበር። ለዓመቱ መዝጊያ ሽርሽር የተያዘችው ጀልባ ዛሬ ጠዋት ሞተሯ እንቢ ብሎ፣ በምትኩ የአባቷ ጀልባ እንደምትመጣ ማን ያውቅ ነበር?

ጀልባዋ ሚዛን የሚጠብቁላትን የቀርከሃ ክንፎቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ በፓላዋን ገደላማ ደሴቶች መሃል ተንሸራተተች። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ሥር ያለው አሸዋ ይታያል። አባቷ ሁለት እጁ መሪው ላይ ስለነበር ከንፈሩን አሹሎ ወደ ቀኝ ጠቆመ። ሁሉም ዞሩ። አንዲት ኤሊ ብቅ ብላ ትንፋሽ ወሰደችና ሰመጠች።

«አቦ ይመችዎት፣ ጋሼ!» ብለው ጮኹ ወንዶቹ።

ትሪሻ ማሪቪክን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት። «ያንቺ አባት ይሄን ሁሌ ነው የሚያየው፣ አይደል? አሁን የት ነው ያለው?»

«ባሕር ላይ» አለች ማሪቪክ። ውሸት አልነበረም።

የመጀመሪያው ደሴት ዳርቻ ሲደርሱ ልጆቹ እየዘለሉ ውሃው ውስጥ ገቡ። ማሪቪክ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ወደ ጀልባዋ ስታይ፣ አባቷ ብርቱካንማዎቹን የዋና ጃኬቶች ከኋላ በኩል የጀልባዋ ጎን ላይ እየደረደረ ሲያሰጣ አየችው። ግራ ገባት። ማንም ያልለበሳቸው ትርፍ ጃኬቶች ናቸው። ደረቅ ነገር ማን ያሰጣል?

ከዚያ ገባት። ከጃኬቶቹ ሥር የጀልባዋ ስም አለ። በሰማያዊ ቀለም፣ በአባቷ ጠማማ ጽሕፈት፦ ማሪቪክ።

ከውሃው ሳትወጣ ብዙ ቆየች።

ምሳ ላይ አባቷ በኮኮናት ቅርፊት ፍም ዓሣ ጠብሶ፣ ከሩዝ ጋር በሙዝ ቅጠል እያደረገ አደላቸው። ተራዋ ሲደርስ «እንኪ፣ ሚስ» አላት። ሩዙን ገለጥ ብታደርግ ሥሩ የዓሣ ጉንጭ አገኘች፤ አጥንቱ ተለቅሞ የወጣለት፣ የሦስት አራት ዓሣ ጉንጭ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከዓሣ የምትወደው እሱን ነው።

እናቷ በየበዓሉ እየሳቀች የምትተርከው ወሬ ትዝ አላት። ማሪቪክ የአራት ዓመት ልጅ እያለች አባቷ ከመርከብ ለዕረፍት መጣ። እሷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ አለችና «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚሄዱት?» አለችው። በአንቱታ፣ እንደ እንግዳ። ወሬውን የሰማ ሁሉ ይስቃል። አባቷ ግን ስቆ አያውቅም። ወደ መርከቡም አልተመለሰም። ይቺን ጀልባ ሠራ።

ዛሬ ደግሞ ሁለተኛዋ «ጋሼ»።

ጉንጩን ቀስ እያለች፣ ቅንጣት ሳታስቀር በላች።

ወደ ወደቡ ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልጆቹ እየተንጫጩ ወርደው መኪናው ወደቆመበት ሮጡ።

«ማሪ፣ ነይ እንጂ! የመስኮቱን ቦታ ሊወስዱብን ነው!» አለች ትሪሻ ከታች።

ማሪቪክ ወደ ጀልባዋ ኋላ ሄደች። ጃኬቶቹን አንድ በአንድ አነሳች። ገመድ ይጠቀልል የነበረው አባቷ እጁ ባለበት ቆመ።

ትሪሻ ሰማያዊውን ጽሑፍ አነበበች። አንዴ ጀልባዋን፣ አንዴ ጓደኛዋን አየች። «እንዴ... ማሪ?»

«እናንተ ሂዱ» አለች ማሪቪክ። «እኔ ከአባዬ ጋር ጀልባዋን አጥቤ ነው ቤት የምገባው። እደውልልሽና ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። ገመዱን እንደገና መጠቅለል ጀመረ።

«ባልዲው ከመሪው ሥር ነው» አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ «ሚስ።»