የአምባውን በር የከፈተው

ወይዘሮ ትርሓስ ከደረጃው ሥር በጎናቸው ወድቀው የተገኙት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ያገኘቻቸው የወንድማቸው ልጅ ረሆቦት ናት። በማለዳ ስልክ ደውላ መልስ ስታጣ ከቦሌ ቡልቡላ ሲኤምሲ ድረስ መጥታ፣ በእጇ በነበረው ቁልፍ ከፍታ ገባች።

ኢንስፔክተር ሃረገወይን ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም ነበር። ከቀኝ እጃቸው አጠገብ መጽሐፍ ተከፍቶ፣ በላዩ መነጽር ተቀምጧል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ መረመረና ቀና አለ።

«የሞቱት ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ጭንቅላታቸው ተመትቷል፤ ግን ወዲያው አልሞቱም፣ ትንሽ ቆይተዋል። ይኸን ደግሞ ተመልከቺ።»

ከግራ ክርናቸው በላይ የበለዘ የጣት ምልክት ነበር።

«እያነበበች ስትወርድ አዳልጧት ይሆናል» አለች ረሆቦት ከበሩ ሳትርቅ። «መጽሐፍ ከእጇ አይለይም።»

ሃረገወይን መነጽሩን በጓንት አንሥታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። መስተዋቱ ተወልውሏል፤ ማጠፊያው ላይ ግን የከረመ አቧራ ተጋግሯል። ወደ ፎቅ ወጥታ መብራት ብታበራ አልበራም። የመኝታ ቤቱም የኮሪደሩም አምፖል ተቃጥሏል። የደረጃው መደገፊያ ጫፍ ላይ ወፍራም የክር ቋጠሮ ታስሯል። ወጥ ቤት ገብታ የጨውና የስኳር ዕቃዎቹን አየች፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ የጨው ዕቃው ላይ ብቻ ላስቲክ ተጠምጥሟል።

«አክስትሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«ለፋሲካ… አይ፣ ከዚያም በፊት ነው» አለች ረሆቦት፤ ፊቷ ቀላ። «ኤርፖርት ነው የምሠራው፤ ፈረቃው አያፈናፍንም። እሑድ እሑድ ግን እደውላለሁ። ‹ደህና ነኝ፣ ከሥላስ ጋር ነኝ› ትለኛለች።»

«ሥላስ ማን ናት?»

«የምትጽፈው ልብ ወለድ ላይ ያለችው ናት። ባሏ ሲሞት ጎራዴውን ታጥቃ አምባ የጠበቀች ሴት። በአያቶቻችን አገር ሴቶች ለቅሶ ላይ ያንጎራጉሩላታል። አክስቴ ከዚያ ነው የጀመረችው።»

ሰኞን ረሆቦት ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ እንደነበረች አለቃዋ አረጋገጠ። በሟቿ ስልክ ላይ የሰኞ ጥሪ አንድም አልነበረም።

ወደዚያ ቤት ብቅ የሚሉት ሌሎች ሰዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው የወይዘሮ ትርሓስ የቆየ ወዳጅ፣ ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር አቶ ስብሓት ናቸው። ቤታቸው መገናኛ ነው፤ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት እስከ ሳሎናቸው ይሰማል።

«ያነጋገርኳት ቅዳሜ ነው፣ በስልክ» አሉ። «ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ምስኪን! ብቸኝነት ነው የጎዳት።»

«ልብ ወለዱን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው? ያ አምባ የአባቶቼ አምባ ነው። እኔ የብላታ ፍሥሓ ዘር ነኝ፤ ያንን ስም በአካባቢው የማያከብር የለም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጽሐፉ ግሩም ነው። ብቻ መጨረሻው ላይ ለጠላት በሩን የከፈተውን ሰው በስም ባትጠራው ይሻል ነበር። ተረትን ከታሪክ ማደባለቅ ነው።»

ሁለተኛዋ ጎረቤታቸው ሀጀር ናት። ጠዋት ጠዋት እየመጣች ለወይዘሮ ትርሓስ ኮምፒውተር ላይ ትጽፍላቸው ነበር። ሃረገወይን ፊት ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልላለች።

«ለምን ራሳቸው አይጽፉም ነበር?»

ሀጀር ሻርፗን ለቀቀችና አንገቷን ደፋች።

«ሀጀር፣ ዓይናቸው አያይም ነበር አይደል?»

እንባዋ ዱብ አለ። «አማና ሰጥተውኝ ነው ለማንም ያልተናገርኩት። መጀመሪያ ጥላ ጥላ አላቸው፣ ኋላ ጭራሽ ጠፋ። እንግዳ ሲመጣ ከወንበራቸው አይነሡም። ‹ሰው ስለ ራሱ ካስወራሽው ዓይንሽን አያይም› ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላወቀባቸውም።»

«ሰኞ ምን ጻፋችሁ?»

«መጨረሻውን። እስከዚያ ቀን በሩን የከፈተውን ሰው ‹አንድ ዘመዷ› ብቻ ነበር የሚሉት። ሰኞ ጠዋት ግን ‹ስሙን ጻፊው፤ ብላታ ፍሥሓ በዪ› አሉኝ። ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩን ይዤ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ቤቴ ገባሁ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ወላሂ ለማንም።»

ከቀብር መልስ ሃረገወይን ሦስቱን በሟቿ ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ደጅ ድንኳኑ ውስጥ ከተደረደሩት ወንበሮች አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ። አቶ ስብሓት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ወይዘሮ ትርሓስ ዐይነ ስውር ነበሩ» አለች ሃረገወይን።

ረሆቦት ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ምን? አክስቴ?»

«ቁጭ በይ እኅቴ። መብራቱ ሁሉ የተቃጠለ ነው፤ አምፖል ያስቀየረ የለም። የጨው ዕቃው በላስቲክ፣ ደረጃው በቋጠሮ ተለይቷል፤ ሁሉም በእጅ የሚዳሰስ ምልክት ነው። መነጽሩ ከተቀመጠበት ሳይነካ ከርሟል። ስለዚህ እያነበቡ አልወደቁም። መጽሐፉንና መነጽሩን ሌላ ሰው ነው ያኖረው። ክንዳቸውን የያዘ ሰው።»

«ማን ነው?» አለች ረሆቦት።

«እሳቸው እንደማያዩ የማያውቅ ሰው ነው። ቢያውቅ መነጽር አያኖርም። ሀጀር ታውቅ ነበር፤ እሷ አይደለችም። አንቺ አታውቂም፤ ግን ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነበርሽ።» ወደ አቶ ስብሓት ዞረች። «እርስዎ ቅዳሜ ነው ያነጋገርኳት ብለውኛል።»

«አዎ፣ ቅዳሜ።»

«በሩን የከፈተው ሰው በስም ባይጠራ ይሻል ነበርም ብለውኛል። ስሙ የገባው ሰኞ ጠዋት ነው። እስከ ቅዳሜ ‹አንድ ዘመዷ› ነበር። በስልክ አልነገሩዎትም፤ ሰኞ ማንም አልደወለም፣ እሳቸውም አልደወሉም።»

«እሷ ነግራኝ ይሆናላ!» አሉ ባርኔጣቸውን ወደ ሀጀር እየቀሰሩ።

«ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን እናውቃለን እንዴ አባቴ?» አለች ሀጀር ቀስ ብላ።

አቶ ስብሓት ባርኔጣቸውን ወደ ጉልበታቸው መለሱ።

«ስሙን የሚያውቁት» አለች ሃረገወይን «የጻፈችው ሀጀርና ሟቿ ነበሩ። ሀጀር አልነገረችዎትም። እርስዎ ሰኞ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቤት መጥተው ከሟቿ ከራሳቸው አፍ ሰምተዋል።»

ሽማግሌው ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ።

«ለመንኳት። ልጆቼ በዚያ ስም ነው የሚኮሩት አልኳት። ‹ሥላስን ያስያዛት ሰው ስም አለው፤ የለቅሶ ሴቶቹ አልረሱትም› አለችኝና ወደ ፎቅ መውጣት ጀመረች። ተከትዬ ክንዷን ያዝኩ፤ ሳንጨርስ ወዴት ነው የምትሄጂው ብዬ። እጇን መነጨቀችኝ… ከዚያ ወደቀች።»

«ከወደቁ በኋላ በሕይወት ነበሩ» አለች ሃረገወይን።

«ነበረች።» ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ሰው መጥራት ፈራሁ። መሳቢያውን ስፈትሽ፣ መነጽሩን ሳመጣ ትሰማኝ ነበር። አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ ዓይኗ ፍጥጥ ብሎ ተከፍቷል። ‹ስብሓት፣ ሄድክ እንዴ?› አለችኝ። ቁልቁል እያየኋት! አእምሮዋን የሳተች መሰለኝ።»

«ምን መለሱላቸው?»

«ምንም። ዝም አልኩ። ‹አትሂድ› አለች። ወጣሁ።»

ሀጀር ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ደጅ ቆመው የነበሩ ፖሊሶች ገብተው አቶ ስብሓትን ደግፈው አስነሡና ይዘዋቸው ወጡ። ባርኔጣቸው ምንጣፉ ላይ ቀረ፤ ያነሣው የለም።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለች ረሆቦት። «ብትነግረኝ ሥራውን ጥዬ እመጣ ነበር እኮ።»

«እሱን ነው የፈሩት» አለች ሀጀር። «‹አሳዝኛት እንድትመጣ አልፈልግም፤ ስናፍቃት ትምጣ› ይሉ ነበር። እሑድ ስልኩን እቅፋቸው ውስጥ አድርገው ነው የሚጠብቁሽ።»

ሀጀር ልጆቿ እየጠበቋት ስለነበር ተሰናብታ ሄደች። ሃረገወይንም ወረቀቶቿን ሰብስባ ለመውጣት በሩ ጋ ደርሳ ነበር፤ ዞር ስትል ረሆቦት ከደረጃው ሥር ቆማለች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ወደፊት ዘርግታ የአክስቷን ወንበር ፍለጋ በዝግታ ተራመደች፤ ብዙም ሳትሄድ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨችና ቀጥ አለች።

«እንዴት ቻለችው?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ብቻዋን፣ እንዴት ቻለችው?»

ኢንስፔክተሯ የበሩን እጀታ ለቀቀችና ተመልሳ አጠገቧ ቆመች።