ድንጋይ ደጇ ላይ የከመረችው

ዙዌና እጇን ከባሕሩ ሥር ወዳለው ጉድጓድ የሰደደችው ሳታስብ ነው። አጎት ሻሜ ክንዷን ያዝ ሲያደርጓት ምን ልትሠራ እንደነበር ገባት። የደሴቲቱ ጠባቂ ናቸው፤ የክፍሏን ልጆች መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አስታጥቀው ውሃ ውስጥ ያስገቧቸውም እሳቸው ነበሩ። አሁን በጣታቸው «ተመልከቺ እንጂ አትንኪ» አሏት።

እስከ ዛሬ ኦክቶፐስን የምታውቀው ባሕሩ ሲሸሽ፣ በእግሯ እየሄደች፣ በዱላ ጫፍ ስታድነው ነበር። ከጉድጓዱ ደጅ የሸርጣን ቅርፊት ከተበተነ ባለቤቱ ቤት አለ፤ ይህን ከፊደል በፊት ነው የተማረችው። የዚህኛው ጉድጓድ ቅርፊቶች ግን አረንጓዴ ነገር በቅሎባቸዋል። ትኩስ የተበላ የለም።

ከዚያ ኦክቶፐሷን አየቻት። ድንጋይ ደጇ ላይ ከምራ ከኋላው ተሸጉጣለች። ከጣራው ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ነገሮች በክር በክር ተንጠልጥለዋል፤ እሷ ውሃ እፍ ትልባቸዋለች። አንድ ዓይኗ ዙዌና ላይ ነው። አልሸሸችም።

«እንቁላሏ ነው» አሉ አጎት ሻሜ፣ ከውሃው ብቅ ሲሉ። «ከጣለች ጀምሮ አልበላችም። እስኪፈለፈል ንቅንቅ አትልም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትሞታለች።»

ምሳ ላይ የወንበር ጓደኛዋ ራያ የረጠበ ቀሚሷን እየጨመቀች ሁሉንም ታስቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከባሕሩ ዳርቻ ኖራ ዛሬ ገና ውስጡን ማየቷ ነው፤ አንዲት የባሕር ኤሊ አይታት ፊቷን አዞረችባት፤ ቁርጥ የሒሳብ አስተማሪያቸውን ትመስላለች። ከዛፉ ላይ ትልልቆቹ የሌሊት ወፎች ቁልቁል ተንጠልጥለው ይንጫጫሉ። ዙዌና ሩዟን በጣቷ ታገላብጣለች።

አክስቷ ትናንት የለመነቻት ነገር ነው የያዛት። ዛሬ የገቡበት የደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳር ኦክቶፐስ እንዲራባ ለወራት ተዘግቶ ቆይቶ ቅዳሜ ይከፈታል። የመንደሩ ሴቶች በጀልባ መጥተው በአንድ ጊዜ ይወርዱበታል። ጎረቤታቸው ቢ ታይሜ እግሯ ፈጣን ነው፣ ሁሌም ትልልቁን ትወስዳለች። የአክስቷ ጉልበት ደግሞ ካለፈው ዝናብ ጀምሮ አልታጠፍ ብሏል። «አንቺ ከላይ ታያለሽ» አለቻት። «አንድ ጥሩ ጉድጓድ ብቻ ያዢልኝ። ሳልንከራተት ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ።»

በእነሱ መንደር ሴት ጉድጓዷን ለጎረቤት አትናገርም፤ ለልጇ ነው የምታወርሰው። ዙዌናን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ያወረሰቻትም እሷ። ይህ ጉድጓድ ደግሞ ጀልባ ከሚቆምበት ቅርብ ነው፣ ከተሰነጠቀው ድንጋይ ሥር። የታመመ ጉልበት ይደርስበታል።

ተነሥታ ወደ አጎት ሻሜ ሄደች። ቅዳሜ ማንም እንዳይነካት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ምልክት ባደርግባት ምልክቱ ራሱ ሰው ይጠራባታል» አሉ። «ያየናት እኔና አንቺ ነን። እኔ አልናገርም።»

«የሆነ ሆኖ ትሞታለች ብለዋል እኮ።»

«ብያለሁ» አሉና የጀልባውን ገመድ መጠቅለል ቀጠሉ።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ደጃፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን በቅርንፉድ ዘይት እያሸች ነበር። ስለ ኤሊዎቹ፣ ስለ ሌሊት ወፎቹ ጠየቀቻት። ራያ አስተማሪውን ከኤሊ ጋር ማመሳሰሏን ስትሰማ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሺ፣ ምን አየሽልኝ?»

ዙዌና ጫማዋን እያወለቀች ነበር። «ምንም» አለች።

«ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ውለሽ?»

«ውሃው ደፍርሶ ነበር።»

የአክስቷ እጅ ጉልበቷ ላይ ቆመ። ቢ ታይሜ «የት አገኘሽው?» ብላ በጠየቀች ቁጥር አክስቷ የምትመልስላት ይህንኑ ነበር፤ ዙዌና ዘንቢሉን ተሸክማ ከኋላዋ ቆማ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ሌላ ቃል መምረጥ ትችል ነበር። ይኸው ነው አፏ ላይ የመጣላት።

አክስቷ ቀና ብላ አየቻት።

«ደፍርሶ ነበር» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ዓይኗንም ወደ መንገዱ መለሰች።

ዙዌና አጠገቧ ተቀመጠች፣ የዘይቱን ጠርሙስ ከእጇ ወሰደችና ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። አክስቷ እግሯን አልሰበሰበችም።

«ቅዳሜ አብሬሽ እወርዳለሁ» አለች ዙዌና። «ሩቅ ሩቁን እኔ እዞርልሻለሁ።»

«ሰኞ ፈተና አለብኝ ስትዪ አልነበረም?»

«እሑድ አጠናለሁ።»

«ብትወድቂ በእኔ እንዳታሳብቢ።»

«አላሳብብም።»

ከየት እንደምትጀምር አስባ ጨርሳለች። ከጀልባው እንደወረደች፣ ሌሎቹ ሳይቀድሟት፣ ከተሰነጠቀው ድንጋይ ርቃ ወደ ሰሜኑ ጫፍ በፍጥነት ትሄዳለች፤ ጥሩ ጉድጓድ እዚያ ያለ ይመስል። ቢ ታይሜ ካየቻት መከተሏ አይቀርም።