«ሙሉ ነን» ያልኩበት ቀን

የልጅ ልጄ ዮሀንካ ነፍስ ስታውቅ፣ «አያቴ፣ ያን ቀን ‹ሙሉ ነን› ያለው ማነው?» ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?

ያላመነ ይተወው። በዚህ ዕድሜዬ ምን ላገኝ ብዬ እዋሻለሁ? ባለፈው ጥቅምት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፕራግ ውስጥ፣ ከአሮጌው የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ባለው ቤታችን የሆነ ነው።

የቭልታቫ ወንዝ ሞልቶ ነበር።

ወንዙ ሲሞላ፣ ሰፈራችንን ከውሃው በሚከልለው ግንብ መሃል ያለውን መውጫ በብረት ሳንቃ እንዘጋዋለን። የመጨረሻው ሳንቃ ከመግባቱ በፊት ታዲያ የሰፈራችን ወግ አለ። ከየቤቱ በዕድሜ ትልቅ የሆነው ሰው «ሙሉ ነን» ይላል። ሰው ውጭ የቀረበት ቤት ዝም ይላል... ሳንቃውም ይጠብቃል።

«እትዬ ሊቡሼ፣ ይናገሩ እንጂ! ወይስ ዋና ሊያስተምሩን ነው?» አለኝ ሳንቃውን የያዘው ጎረቤታችን ኦታካር።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ምራቴን ብላንካን በዓይኔ ፈለግኳት። ብላንካ ድንጋይ ጠራቢ ናት። የምትሠራበት ክፍል ከግንቡ ውጭ፣ ከድልድዩ ቅስት ሥር ነው።

«ብላንካስ?» አልኩት ልጄን ራዲምን።

ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እህቷ ጋ ናት፣ እማ። አሁን ደወለችልኝ።»

ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል... ዝናቡ ነው ብዬ አለፍኩት። ልጄ አይደል?

«ሙሉ ነን!» አልኩ።

ሳንቃው ገባ።

ቤት ገብተን የእንጉዳይ ሾርባ አቀረብኩ። ራዲም ካፖርቱን አላወለቀም። ማንኪያውንም አላነሳም።

ከኪሱ ስልክ ጮኸ...

«የእማዬ ስልክ!» አለች ዮሀንካ።

ራዲም አልተነቃነቀም። እኔው እጄን ሰድጄ አወጣሁትና አነሳሁት። የደወለችው የብላንካ እህት ናት።

«ብላንካዬ፣ ዕቃሽን ከድልድዩ ሥር አወጣሽ? ውሃው ሳይቀድምሽ ውጪ በናትሽ!»

ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

«ራዲም... ስልኳ አንተ ጋ ከሆነ፣ በምን ደወለችልህ?»

«ልጄን ይዛብኝ ልትሄድ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «የሥራ ክፍሏን በር ከውጭ ቆለፍኩት...»

«እና ሳንቃውን በእኔ አፍ አስዘጋኸው?»



መስኮቱን በርግጄ ጮህኩ። «ኦታካር! ክፈቱት! ብላንካ ውጭ ናት!»

«ምን ነካዎት እትዬ? ውሃው የሳንቃውን ግማሽ አልፏል። ከተከፈተ ሰፈሩ አለቀ! ደግሞ ‹ሙሉ ነን› ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ያኔ ተንኳኳ።

ሳንቃው አይደለም... የእኛ በር።

ቀስ ብሎ። መዶሻ ድንጋይ ሲነካ እንደሚሰማው።

«እማማ...» የብላንካ ድምፅ ነው። «ሙሉ ናችሁ?»

ዮሀንካን ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኳት።

በሩ በራሱ ተከፈተ።

ደጁ ላይ ማንም የለም። ወለሉ ላይ ግን እርጥብ የእግር ዱካ... አንድ... ደግሞ አንድ... እየታተመ ወደ ራዲም ወንበር መጣ። ዱካው ውስጥ ነጭ የድንጋይ ዱቄት አለ።

ዮሀንካ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለች።

«እማዬ፣ ለምን ቆምሽ? ሾርባው እኮ ቀዘቀዘ።»

የምታየው ባዶውን ቦታ ነው።

ራዲም ተነሳ። ቀኝ እጁ ወደ ጎን ተዘርግቷል... ሰው እንደያዘው። ከጣቶቹ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ራዲም! ልጄ! ወዴት ነው?»

እኔን አላየኝም። ልጁንም ዞር ብሎ አላያትም። ደጃፉን ተሻገረና፣ እጁን እንደዘረጋ፣ ወደ ግንቡ፣ ወደ ውሃው ወጣ።